ሲሞቅ የሚጠፋ፣ ሲበርድ የሚነሳ መኪና

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ የ1996 ሞዴል ኮሮላ አለኝ። ቤንዚን ነው፣ ማንዋል ማርሽ፣ ሞተሩ 4ኤ-ኤፍኢ። ከሁለት ወር ወዲህ ፀሐይ ሲበረታና መንገድ ሲዘጋጋ ያለምንም ምልክት ድርግም ብሎ ይጠፋል። የሞተሩን ዙር የሚያሳየው የአርፒኤም መርፌ መኪናው ገና በማርሽ እየሄደ ዜሮ ይገባል። ቁልፍ ስሰጠው ሞተሪኖው በደንብ ያዞራል፣ ሞተሩ ግን አይነሳም። ግማሽ ሰዓት አቁሜው ስሞክር ምንም እንዳልሆነ ይነሳል። ሲሰራ ጉልበቱ ደህና ነው፣ ጭስ የለውም። ባትሪ ቀየርኩ፣ ካንዴላ ቀየርኩ፣ የቤንዚን ፓምፕ ቀየርኩ። አሁን ደግሞ ሞተሩ ወርዶ ይታይ ተባልኩ። ላውርደው ወይስ ልሽጠው?»

አታውርደው። ለመሸጥም አትቸኩል። ውስጡ የተጎዳ ሞተር ግማሽ ሰዓት ስላረፈ ብቻ አይድንም። የፒስተን ፋሻው ያለቀ ወይም ቫልቩ የተቃጠለ ሞተር ጠዋት በብርድ ለመነሳት ያስቸግራል፣ ዳገት ላይ ጉልበት ያጣል፣ ዘይት ይበላል፣ ያጨሳል። አንተ ከነዚህ አንዱንም አልጻፍክም። ሞተር ይውረድ ያለህ ሰው የሚናገረው መኪናው ከሚያሳየው ምልክት ጋር አይገጥምም። ብዙ ገንዘብ አውጥተህ ብታወርደውም ተገጥሞ ሲመለስ ችግሩ እዚያው ይጠብቅሃል፣ ምክንያቱም የተበላሸው ዕቃ ከሞተሩ ውጪ ነው።

ከባትሪው እንጀምር፣ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው እዚህ ላይ ነው። መኪናዬ አልነሳ አለ ሲባል ሁለት የማይገናኙ ችግሮች ይደባለቃሉ። በአንደኛው ቁልፍ ስትሰጠው ሞተሪኖው ዝም ይላል፣ ወይም ቀጭ ቀጭ ብሎ ይቀራል። ያኔ ባትሪ፣ ሞርሴቶ፣ የማሳ ገመድና ሞተሪኖው ራሱ ይታያሉ። በሁለተኛው ሞተሪኖው በጉልበት እያዞረ ሞተሩ እንቢ ይላል። ያንተ ይሄ ነው። ሞተሪኖ መኪናው ላይ ካለው ነገር ሁሉ አብልጦ ኮረንቲ የሚስብ ዕቃ ነው፤ እሱን በደንብ ማዞር የቻለ ባትሪ ለካንዴላ አያንስም። ማረጋገጥ ከፈለግህ በቴስተር ለካው። ሞተሩ ጠፍቶ 12.6 ቮልት አካባቢ ካሳየ፣ ሞተሪኖው ሲያዞር ከ9.6 በታች ካልወረደ፣ ሞተሩ ሲሰራ ደግሞ ከ13.8 እስከ 14.5 ከሆነ ባትሪውንም ዲናሞውንም እርሳቸው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። የቤንዚን ሞተር ለመስራት ቤንዚን ይፈልጋል፣ አየር ይፈልጋል፣ በትክክለኛው ሰዓት የሚመጣ እሳት ይፈልጋል። ከነዚህ የትኛው እንደጎደለ ከአጠፋፉ ይታወቃል። ቤንዚን ያጠረው ሞተር በአንድ ጊዜ አይሞትም። ይንተባተባል፣ ይንገጫገጫል፣ ነዳጅ ስትሰጠው ይለግማል፣ ዳገት ላይ ይደክማል፣ ከዚያ ነው የሚጠፋው፤ ቧንቧው ውስጥ የቀረችው ቤንዚን እስክታልቅ ድረስ እየታገለ ይቆያል። እሳት የተቋረጠበት ሞተር ግን ቁልፍ እንደተዘጋበት ድርግም ይላል። አንተ የጻፍከው ሁለተኛውን ነው። የሁሉም ትልቁ ማስረጃ ደግሞ የአርፒኤም መርፌዋ ናት። መኪናው በማርሽ እየሄደ ከሆነ ጎማው ሞተሩን እያዞረው ነው፣ ስለዚህ ሞተሩ አልቆመም። ሞተሩ እየዞረ መርፌዋ ዜሮ ከገባች፣ መርፌዋን የሚያንቀሳቅሰው የእሳቱ መስመር ምልክት ተቋርጧል ማለት ነው። ፓምፕ ሲበላሽ መርፌዋ እንዲህ አትሆንም። ይህን አስተውለህ መጻፍህ ግማሽ ሥራ ሰርቶልኛል።

ታዲያ ለምን ሲሞቅ ብቻ? ባንተ ሞተር ላይ እሳቱ የሚመነጨው ለካንዴላዎቹ ከሚያከፋፍለው ከስፒንትሮጀኑ ነው፣ ዲስትሪቢዩተር የሚሉትም አሉ። የባትሪውን ኮረንቲ ወደ ብዙ ሺህ ቮልት የሚያሳድገው ቦቢናም፣ ለኮምፒውተሩ የዙር ምልክት የሚልከው ትንሹ ፒክአፕ ኮይልም እዚያው ውስጥ ናቸው። ስፒንትሮጀኑ በቀጥታ ከቴስታታው፣ ከሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ ጫፍ ጋር የተገጠመ ስለሆነ ሙቀቱን ሁሉ ይጠጣል። ቦቢናውን የሚያበራና የሚያጠፋው ኤሌክትሮኒክ ዕቃ፣ ኢግናይተሩም፣ ከዚያው ከኮፈኑ ስር ነው። መኪናው ሲሄድ ነፋስ ያበርዳቸዋል። መንገድ ተዘግቶ ስትቆም ግን ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ቦቢናና ፒክአፕ በጣም ቀጭን ሽቦ ተጠቅልሎ የሚሰሩ ናቸው፤ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ሲሞቅና ሲበርድ የኖረ ሽቦ የሆነ ቦታ ላይ ይሰነጠቃል። ሲሞቅ ስንጥቁ ይከፈትና ኮረንቲው ይቋረጣል፣ ሲበርድ ጫፎቹ ተመልሰው ይነካካሉ። ኢግናይተሩ ውስጥ ያለው ትራንዚስተርና ብየዳም እንደዚሁ ነው። ኮረንቲ የሚያገናኘውና የሚያቋርጠው የሪሌ ብየዳም እንደዚያው። ግማሽ ሰዓት ጠብቀህ የሚነሳልህ ለዚህ ነው።

ፓምፑ ያለጥፋቱ የተቀየረበትን ምክንያት ጠንቅቀህ እወቀው፣ ምክንያቱም ይሄ ስህተት በየጋራዡ በየቀኑ ይሰራል። መኪናው እንደጠፋ መካኒኩ ይመጣል፣ ካንዴላ ይፈታል፣ ካንዴላው ደረቅ ነው፣ የቤንዚን ሽታ የለውም። «ቤንዚን አይመጣም፣ ፓምፑ ነው» ይላል። ሲሰሙት ትክክል ይመስላል። ነገር ግን በዚህ የቶዮታ ዘመን ኮምፒውተሩ እሳቱንና ቤንዚኑን አስተሳስሮ ነው የያዛቸው። ኢግናይተሩ እሳት በሰጠ ቁጥር «ሰጥቻለሁ» የሚል ምልክት ለኮምፒውተሩ ይመልሳል። ያ ምልክት በተከታታይ ከቀረ ኮምፒውተሩ ቤንዚን የሚረጩትን ኢንጄክተሮች ይዘጋል፣ ያልተቃጠለ ቤንዚን ሞተሩንና ጭስ ማውጫውን እንዳይጎዳ። የፒክአፑ የዙር ምልክት ከጠፋ ደግሞ ኮምፒውተሩ ሞተሩ የቆመ ይመስለዋልና የፓምፑን ሪሌ ጭምር ያጠፋል። ይህ ለደህንነት የተሰራ ነው፤ በግጭት ጊዜ ሞተሩ ጠፍቶ ፓምፑ ቤንዚን መርጨቱን እንዳይቀጥል። እንግዲህ የተቋረጠው እሳት ሆኖ ሳለ የደረቀው ካንዴላ ይታያል፣ ዝም ያለው ፓምፕ ይሰማል፣ ጥፋቱም ፓምፑ ላይ ይለጠፋል። አዲስ ፓምፕ ተገጥሞ መኪናው ሲነሳ ሁሉም ይደሰታል። የተነሳው ግን እስኪቀየር ድረስ በርዶ ነው።

ከዚህ የሚከተለው ነገር አንድ ነው፦ ይህን መኪና መመርመር የሚቻለው ጠፍቶ ሳለ፣ ሙቅ ሳለ ብቻ ነው። በርዶ ከተነሳ በኋላ ጋራዥ ወስደህ «እየው» ብትለው ማንም ምንም አያገኝም። ጥሩ ባለሙያ እንኳ ያን ጊዜ የሚናገረው ግምት ነው። እስካሁን ሦስት ዕቃ የተቀየረልህ በግምት ነው፣ አራተኛው እንዳይቀየር።

መጀመሪያ ግን ደህንነትህ። ሞተር ሲጠፋ ፍሬኑ የሚያግዘው የአየር ጉልበት አብሮ ይጠፋል። ከጠፋ በኋላ አንድ ሁለት ጊዜ ስትረግጥ ይታዘዝሃል፣ ከዚያ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ይሆናል፣ መሪውም ይከብዳል። ስለዚህ ፍሬኑን እየቆራረጥክ አትርገጥ፤ አንዴ ረግጠህ ይዘህ ወደ ዳር አውጣው። ቁልፉን ነቅለህ አታውጣ፣ መሪው ይቆለፋል። ከእንጦጦ ቁልቁለት ላይ ወይም በአዲስ አበባ አዳማ ፈጣን መንገድ ላይ ይሄ ከባድ ነገር ነው። ችግሩ እስኪገኝ ድረስ ረጅም መንገድ በዚህ መኪና አትውጣ፣ ልጆችም አታሳፍርበት።

ዳር ይዘህ፣ አራቱን መብራት አብርተህ፣ ሦስት ማዕዘኑን ከኋላ ካስቀመጥክ በኋላ ቶሎ ወደ ምርመራው ግባ፣ ሙቀቱ ሳይወርድ ያለችው ደቂቃ ትንሽ ናት። ቁልፉን ኦን ላይ አድርግና ዳሽቦርዱን እይ። የቼክ ኢንጂን መብራት ካልበራ ኮምፒውተሩ ራሱ ኮረንቲ አጥቷል፤ ያን ጊዜ የሚፈለገው የኢኤፍአይ (የቤንዚን መርጫው ሥርዓት) ፊውዝና ዋናው ሪሌ ወይም የቁልፉ ማብሪያ ነው። በተለይ ቁልፉን ነካ ስታደርግ የሚበራና የሚጠፋ ከሆነ የቁልፉ ማብሪያ አልቋል። የቁልፍ ዘለላህ ከባድ ከሆነ ዛሬውኑ አራግፈው። መብራቱ በትክክል ከበራ ሞተሪኖውን እየሰጠህ የአርፒኤሙን መርፌ እይ። ትንሽም ካልተነቃነቀች ጥርጣሬው ወደ ኢግናይተሩና ወደ ፒክአፑ ይጠብባል። ሞተሪኖውን በአንድ ጊዜ ከ10 ሰከንድ በላይ አትስጠው፣ መሃል ላይ አሳርፈው። ሰው ተናዶ ሲያዞር ሲያዞር ሞተሪኖ ያቃጥላል፣ ደህናውን ባትሪም ይጨርሳል።

እሳት መኖሩን ለማየት ትርፍ ካንዴላ መኪናው ውስጥ ይኑርህ። አንዱን የካንዴላ ገመድ ነቅለህ ትርፉን ካንዴላ ሰካበት፣ የካንዴላውን ብረት ከሞተሩ ብረት ጋር አጥብቀህ አስነካው፣ ሌላ ሰው ሞተሪኖ ይስጥ። ሰማያዊ ጠንካራ እሳት ከታየ ችግሩ ከእሳቱ ውጪ ነው። ካልታየ አገኘኸው። ገመዱን በእጅህ ይዘህ አይደለም፣ በብዙ ሺህ ቮልት ነው የሚመጣው፤ የልብ ችግር ያለበት ሰው ጭራሽ አይቅረብ። ቤንዚን የሚፈስበት ወይም የሚሸትበት ቦታ ካለም ይህን ሙከራ ተወው።

እዚህ ላይ ሁለት የመንገድ ዳር ልማዶች አጥብቄ እቃወማለሁ። አንዱ በአየር ማጣሪያው በኩል ቤንዚን ማፍሰስ ነው። ሞተሩ ሙቅ ነው፣ ወደኋላ ሊተኩስ ይችላል፣ ኮፈኑ ስር እሳት ይነሳል። በዚህ ፊቱ የተቃጠለ ሰው አውቃለሁ። ሁለተኛው ሞተሩ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋት ነው። ቴስታታ ይሰነጠቃል፣ ሶኬቶቹም ውሃ ይገባባቸዋል። ውሃ ተደፍቶበት የተነሳ መኪና ካየህ የበረደው ዕቃ ነው ያስነሳው፣ ያው ግማሽ ሰዓቱ በሌላ መልክ ነው።

መኪናው ኮድ እንደሚይዝም እወቅ። ከኮፈኑ ስር «ዲያግኖሲስ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ክዳን ያላት ጥቁር ትንሽ ሳጥን አለች። ክዳኗ ከውስጥ የቀዳዳዎቹ ስም ተጽፎባታል። ቁልፉ ኦን ሆኖ ሞተሩ ሳይነሳ ቲኢ1 እና ኢ1 በአጭር ሽቦ ሲገናኙ የቼክ ኢንጂን መብራቱ ብልጭ ብልጭ እያለ ኮዱን ይናገራል። አንድ ጊዜ፣ ቆም ብሎ ሁለት ጊዜ ከሆነ 12 ነው፤ የዙር ምልክት ጠፍቷል ማለት ነው፣ ፒክአፑን ወይም ሽቦውን ተጠራጠር። አንድ፣ ቆም ብሎ አራት ከሆነ 14 ነው፤ ከኢግናይተሩ የሚመለሰው ምልክት ቀርቷል። ሳያቋርጥ እኩል ብልጭ ካለ የተመዘገበ ኮድ የለም። ኮድ አለመኖር ግን ዕቃዎቹን ነፃ አያወጣም፣ እንዲህ ያለ የሚመጣና የሚሄድ ችግር ሁልጊዜ አይመዘገብም። ሁለት ነገር ተጠንቀቅ። ኮዱ ሳይነበብ ባትሪ አታስፈታ፣ ይሰረዛል። ሽቦዋን ደግሞ በግምት አታስገባ፣ የተሳሳተ ቀዳዳ ኮምፒውተሩን ሊገድለው ይችላል። ለዚህ እጅህ ካልደፈረ ለኤሌትሪሺያን ተወው።

ከዚያችው ሳጥን ላይ ኤፍፒ እና ፕላስ ቢ ሲገናኙ ፓምፑ ያለ ኮምፒውተሩ ፈቃድ በቀጥታ ይሰራል። መኪናው በጠፋበት ሰዓት ይህን አድርገህ ከሳልባትዮው፣ ከቤንዚን ታንከሩ፣ በኩል ዝዝዝ የሚል ድምፅ ከተሰማ ፓምፑ ደህና ነው፣ ኮምፒውተሩ አላዘዘውም እንጂ አልሞተም። የቤንዚን ግፊት መለኪያ ያለው ጋራዥ ካገኘህ ከ2.7 እስከ 3 ባር አካባቢ ማሳየት አለበት፣ የግፊት መቆጣጠሪያው የአየር ቱቦ ተነቅሎ ሲለካ።

መንገድ ላይ መሞከር ካልተመቸህ ጋራዥ ውስጥ ችግሩን ሆን ብሎ ማምጣት ይቻላል። ሞተሩ ቆሞ እየሰራ ሳለ ኢግናይተሩን ብቻ በፀጉር ማድረቂያ ያሙቁት። ካልጠፋ ወደ ስፒንትሮጀኑ ይሂዱ። አንዱን ብቻ ሲያሞቁ ሞተሩ ድርግም ካለ ጥፋተኛው እሱ ነው። ፒክአፑና ቦቢናው በቴስተር ሲለኩም በብርድም በሙቀትም ይለኩ። በብርድ ደህና ያሳየ ሽቦ ሲሞቅ መስመሩ ተቋርጦ ሊገኝ ይችላል። በብርድ ብቻ ለክቶ «ደህና ነው» የሚልህን አትመነው።

አንድ ነገር ሳልጠይቅህ አላልፍም። መኪናው ላይ አላርም ወይም የጂፒኤስ መከታተያ አለ? ከሌባ ለመጠበቅ ተብሎ የሚገጠመው አላርም ሞተር የሚያጠፋ ትንሽ ሪሌ አለው። ሪሌው የሚገባው የእሳቱን ወይም የፓምፑን ሽቦ ቆርጦ ነው፣ ብዙ ጊዜም ብየዳ ሳይኖረው ተጠማዝዞ በፕላስተር ይታሸጋል። ከዓመታት በኋላ ያ ቦታ ይሞቃል፣ ይላላል፣ መኪናውን በመንገድ መሃል ያጠፋዋል። አላርም ካለህ ከማንም ዕቃ በፊት ይህ ሽቦ ይታይ። ምንም ዕቃ የማይገዛበት ምርመራ ነው።

ቤንዚኑ በሙቀት ተኖ መስመሩን ዘጋው የሚሉህም ይኖራሉ። ይህ ለድሮዎቹ ባለ ካርቡሬተር መኪኖች፣ ለምሳሌ ለዲኤክስ፣ እውነት ነው። እነሱ ላይ ፓምፑ ሞተሩ ላይ ተገጥሞ ቤንዚኑን ከሩቅ ይስባል፣ ግፊቱም ትንሽ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ሳሳ ያለ ነው፣ ቤንዚንም ቶሎ ይተናል። እርጥብ ጨርቅ ፓምፑ ላይ ማድረግ ለነዚያ መኪኖች ይሰራል። ያንተ ግን ኢንጄክሽን ነው። ፓምፑ ሳልባትዮው ውስጥ ሆኖ በግፊት ነው የሚልከው፣ ስለዚህ ይህ ምክንያት ለመጨረሻ ይቆይ።

ሌሎቹን ቶሎ ልለፋቸው፣ ተመሳሳይ ጥያቄ ያላቸው ይጠቀሙበታል። በክረምት ዝናብ ወይም ውሃ ያቆረ መንገድ ካቋረጠ በኋላ የሚጠፋ መኪና የስፒንትሮጀኑ ክዳንና ገመዶቹ እርጥበት ይዘዋል። የሳልባትዮው ክዳን ሲከፈት በኃይል ፉሽ ብሎ አየር የሚስብ ከሆነ የክዳኑ መተንፈሻ ተዘግቷል። ሞተሪኖው ከወትሮው በላይ ፈጥኖና ቀልሎ የሚያዞር ከሆነና ቢበርድም የማይነሳ ከሆነ የታይሚንግ ቺንጋው ተበጥሷል፤ የስፒንትሮጀኑን ክዳን ከፍተህ ሞተሪኖ ሲሰጥ ውስጡ ካልዞረ ማረጋገጫው ያ ነው። ባንተ ሞተር ላይ ቺንጋ ቢበጠስ ቫልቭና ፒስተን አይጋጩም፣ ሌሎች ብዙ ሞተሮች ላይ ግን ይጋጫሉ። የሙቀቱ መርፌ ቀዩ ጋ ደርሶ ከጠፋ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው፣ የራዲያተር ክዳን በሙቀቱ አትክፈት፣ እስኪበርድ ጠብቅ፣ ጭነህ ውሰደው።

ዕቃ መግዛት ጋ ስትደርስ ሶማሌ ተራ መሄድህ አይቀርም። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በአሮጌ መኪና ላይ ኤክሳይዝ ታክስ ከብዷል፣ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል ማስገባት ተከልክሏል። ስለዚህ ያለንን መኪና ዕድሜ ማራዘም ግዴታችን ሆኗል፣ የኮሮላ ዕቃም ብዙ ሰው ይፈልገዋል። ያገለገለ ኢግናይተር ወይም ስፒንትሮጀን ስትገዛ ያ ዕቃ እንዳንተው ዕድሜ እንዳለው አስብ። የመመለስ ስምምነት ይኑርህ፣ የክፍል ቁጥሩን ከአሮጌው ጋር አመሳክር፣ ከተገጠመ በኋላም በማድረቂያው አሙቀህ ፈትነው። ርካሽ ኮፒ ኢግናይተር አልመክርህም፤ ከአሮጌው ኦሪጅናል ቀድሞ ሊሞት ይችላል። ስፒንትሮጀኑ ሲፈታ ቦታው ምልክት ይደረግበት። ሲገጠም የእሳቱ ሰዓት ቲኢ1 እና ኢ1 ተገናኝተው በታይሚንግ መብራት ይስተካከል፣ ልኩ 10 ዲግሪ ነው። በጆሮ ብቻ አይስተካከልም።

እኔ ከሩቅ ሆኜ ዕቃውን በስሙ ልጠራልህ አልችልም። ምልክትህ ግን ወደ እሳቱ መስመር ነው የሚያመለክተው፣ ቅደም ተከተሉም የአላርሙ ሽቦ ካለ እሱ፣ ቀጥሎ ኢግናይተሩ፣ ከዚያ ፒክአፑና ቦቢናው፣ ከዚያ ዋናው ሪሌና የቁልፉ ማብሪያ ነው። ከእንግዲህ ጥፋተኛው ሳይታወቅ ምንም ዕቃ አትግዛ። መካኒክ ሳይሆን ቴስተር የሚያነብ የመኪና ኤሌትሪሺያን ፈልግ፣ መኪናውን አሙቀህ ውሰድለት፣ እስኪጠፋ ድረስም አብረህ ቁም። «አሁን በርዷል፣ ነገ ና» ካለህ ነገ እስኪሞቅ ነድተህ ሂድ። በሙቀት አጥፍቶ ሳያሳይህ ዕቃ ቀይር የሚልህ ከሆነ ሌላ ሰው ፈልግ። የተፈታውን አሮጌ ፓምፕ ደግሞ ከጋራዡ ተቀብለህ አስቀምጠው፤ ደህና ሳይሆን አይቀርም፣ አዲሱ ኮፒ ከሆነ አንድ ቀን ያስፈልግሃል።